ከፋኖሱ ሥር

ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከቆርቆሮ ጓዳዬ፣
ሠላሳ ሰባት ፋኖስ ተሰቅሏል ከላዬ።
ቀን ቀን ሞባይል ልጠግን፣ ስክሪን ልቀይር እውላለሁ፣
ሲመሽ ደግሞ እነሱ ዘንድ፣ ዝገት ልፍቅ እገባለሁ።

አንዱ ከባቲ የመጣ፣ ከግመል ጭነት ተጣብቆ፣
አንዱ ከኮምቦልቻ ነው፣ ከቁራሌው ሚዛን ተነጥቆ፤
አንዱን ደግሞ ወልዲያ ላይ በጃንጥላ ለውጬው፣
ዛሬም ሚስቴ ትጠይቃለች፣ «ጃንጥላዬን ወዴት ጣልከው?»

ጎረቤቴ ሸረፋ ይስቃል፣ «ሰው ሁሉ አምፖል ሲያበራ፣
አንተን ምን አጣብቆህ ነው ከላምባና ጥላሸት ጋራ?»
መብራት የጠፋ ማታ ግን፣ በሬን ቀድሞ የሚመታ
እሱ ነው፤ «አንዷን አውሰኝ»፤ ክብሪት እንኳ የለው፣ ያ ጌታ።

ሥራው ትዕግስት ይወዳል።
ናሱን በሎሚና በአመድ ማሸት፣
ብርጭቆውን በለብታ ውሃ፣ እንዳይሰነጠቅ በፍርሃት፤
ክሩን አስተካክሎ መቁረጥ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ጥፍር፤
ዘመም ካለ ቀንድ ያወጣል፣ ጥላሸቱም አይጣል ነገር።

ባለፈው ክረምት ነው፣ ካፊያ ቆርቆሮውን ሲቆረቁር፣
ከሐይቅ ሚኒባስ ወርዶ ገባ አንድ ጎልማሳ፣ ይመር፤
ከፌስታሉ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖር፣
ፋኖስ አልመሰለኝም፤ የዝገት ጉልቻ ነበር።

«የእናቴ ነው» አለ፣ «የሉባባ፣ የዚያች አዋላጅ፤
ሌሊት ሲጠሯት ይዛው ነው፣ በዝናብ፣ በጭቃ፣ በደጅ።
ዓመቷ ሊደርስ ነው፤ የሰደቃዋን ማታ
እንዲበራ ነው የምፈልግ፣ ከነበረበት ቦታ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ያኔ ቀላል ነበረ።
ሦስት ቀን ላምባ ነከርኩት፤ ቁልፉ ዞረ፣ ልቤ ሰከረ።
ሆዱ ያፈሳል፣ በየድኩት፤ እጀታውን አቃናሁት፤
ከዚያ ገለበጥኩና ሥሩን በሽቦ ፈተግኩት።

ፈተግኩት።
እንደ ድስት።
እያፏጨሁ።
ዝገቱ እንደ በርበሬ ዱቄት ጭኔ ላይ እየረገፈ፣
ብረቱ እስኪነጣ ድረስ። የመዳፍ ያህል አለፈ።

ያኔ ነው የአምፖሉ ብርሃን በጎን ሲመታው ያየሁት፦
ከተፈተገው ወዲህ ማዶ፣ ጭረት፣ ጭረት፣ ሌላ ጭረት።
የዝገት ጥርስ መስሎኝ ነበር፤
ዝገት ግን መስመር አይጠብቅም፣
አምስት አምስት እያደረገ፣ ቦታ እየለየ አይቆጥርም።
በምስማር የተጫረ ነው። አንዳንዱ፣ አንዳንዱ ላይ
አግድም ሠረዝ አለበት።
ምን እንደሆነ አልጠፋኝም።
ሽቦውን አስቀመጥኩት።

ፊደልማ አልቆጠረችም፤ ሰው ነው ሉባባ የቆጠረችው፤
ከምጥ ቤት ስትመለስ፣ መቼም፣ አንድ አንድ እያለች የጫረችው።
የቀረው መቶ አርባ ሁለት። የጠፋውን ማን ይቆጥራል?
ከዚያች ከሽቦዬ ጥርስ ላይ ስንቱ ልጅ ተንጠልጥሏል?

ይመር ሲመጣ ነገርኩት። ልዋሽም ነበር፣ አልደብቅም፤
«ዝገት በልቶታል» ብለው በምን ያውቃል? አያውቅም።
አልተቆጣም። ገልብጦ ያዘው፣ ወደ በሩ ብርሃን ዞሮ፣
በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አቀርቅሮ።
ብዙ ቆየ። ካፊያው አባራ።
«ከነዚህ» አለኝ በመጨረሻ፣
«የኔዋ የትኛዋ ናት?»

ምን ልበለው?
ከጥፍሬ ሥር ቀይ ዱቄት ነበረ።

በሰደቃው ማታ በርቷል አሉ። ተጠርቼ አልሄድኩም።
ነበልባሉ ቀንድ አላወጣም፤
ክሩን እንኳ ቀጥ አድርጌ ነው የቆረጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ፋኖስ ሲመጣልኝ ከምንም አስቀድሜ
ገልብጬ ሥሩን አያለሁ፣ መነጽሬን ደግሜ ደግሜ
እየጠረግሁ። ብዙ ጊዜ ምንም የለም።
የፋብሪካ ማኅተም፣ የሸረሪት ድር።

ያቺን ሽቦ ግን አልጣልኳትም፤
ከመደርደሪያው ጥግ፣ ከሠላሳ ሰባቱ ጎን ናት።
ሸረፋ ባለፈው፣ መብራት ጠፍቶ፣
አንዷን ሊዋስ መጥቶ አያት፤
«ይቺ ደሞ» አለኝ፣
«ይቺ ደሞ ምኗ ይበራል?»