«ሲስተር» ያለኝ ሰው

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ የቀዶ ሕክምና ዋርድ፣
በረኪናው ሲሸት፣ ጣቶቼን ሲያነድ፣
ባልዲዬን ስገፋ ባልጋዎች መሐል
አንድ የደከመ ድምፅ «ሲስተር» ይለኛል።

«ሲስተር አይደለሁም፣ ጽዳት ነኝ እኔ።»
«ማን አለ ታዲያ» አለ፣ «ካንቺ ሌላ ከጎኔ?»

ከመተማ የመጣ፣ ሰሊጥ ያጨደ ክንድ፣
ከንፈሩ በሚያዝያ የቀሃን ወንዝ ሆድ
መስሎ ተሰንጥቋል።
ውሃ ለመነኝ።
ውሃ ማን ይነፍጋል?
ከራሴ ጀሪካን ቀዳሁ በኩባያ፤
ጠጣ፣ መረቀኝ፣ «ኑሪልኝ» አለኝ፣ «የኔ ባለሙያ።»
መወልወያዬን ይዤ፣ ጽድቅ እንደ ሠራ ሰው
አንገቴን አቅንቼ ዞርኩኝ ወደ ሌላው።

ሲስተር ይርገዱ መጣች። ኩባያውን አየች።
አልጋው ራስጌ ያለውን ወረቀት ገለጠች፤
ሦስት የፈረንጅ ፊደል፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
በአፉ አንዳች እንዳይገባ፣ ሆዱ እስኪከፈት ነግቶ።
እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበር ያቋረጥኩ፤
ፊደሎቹን አየሁ፣ ቃሉን ግን አላወቅኩ።

ብትጮህብኝ በተሻለ። እሷ ግን ቀስ ብላ
«ሲያደነዝዙት» አለች «ያ ውሃ ተመልሶ ሳንባውን ይሞላ
ነበር። ማዘን ደግ ነው፣ አንጓች፤ ግን ያልተማረ እዝነት
ሳይታጠብ ቁስል የሚነካ እጅ ነው፤ ተማሪበት።»

ቀዶው ለማግሥት ዞረ። ሰውየው አልሞተም።
ያቺን ኩባያ ግን እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።

ቀን ሽርጥ፣ ማታ ደብተር፤ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ፤
ልጄ ትርንጎ መምህሬ፣ የእንግሊዝኛ ዳኛ፣
«እማ፣ እንዲህ አይባልም» እያለች ስትስቅ፣
መብራት ሲሄድ በሻማ፣ ሻማው እስኪያልቅ።

ከዚያ ጠዳ፣ ጤና ሳይንስ፣ ደረጃ አራት፤
ከአዘዞ ስሳፈር ሁለት መቶ ስድስት አጥንት
በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ወያላው «ሒሳብ!» ሲለኝ
«ክላቪክል» ብዬው ታክሲው ሙሉ ሳቀብኝ።

መርፌ የለመድነው በብርቱካን ላይ ነበር።
ብርቱካን ግን አይጮህም።
የመጀመሪያው ሕፃን ሲጮህ
እጄን የያዘኝ መጽሐፍ አልነበረም።

የብቃት ምዘናውን በሦስት ነጥብ ወደቅኩ።
ጎረቤቴ «አርባ ሊሞላሽ» አለች፤ ሰማሁ፣ አለቀስኩ፣
ሌላ ሻማ ገዛሁ።
በሁለተኛው አለፍኩ።

ጭልጋ፣ አይከል ጤና ጣቢያ፣ የክረምት ሌሊት፤
ሐኪሙ ከተማ ወርዷል፤ መብራት የለም፤ የምጥ ሰዓት።
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ብርሃኑን እጄ ላይ ጥዬ
እትብቱን ሁለት ቦታ አሰርኩ፣ መሐሉን ቆረጥኩ፣
«እንደ ተማርኩት» ብዬ።
ልጁ አስነጠሰ።
አባትየው ጠዋት ፍየል ጎትቶ መጣ፤
ፍየሏ የጤና ጣቢያውን መጋረጃ በላች።

ዲግሪው በቅዳሜና በእሁድ፣ ከደመወዜ ተቆንጥሮ፤
ለካ አንዱ በር ሌላ ይወልዳል፣ ከደጅ ሲታይ ተቀርቅሮ፤
ፈንታነህ ወደ ማደንዘዣ ሄደ፣ ዳሳሽ ወደ ሕፃናት፣
ሲስተር ይርገዱ፣ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀራት፣
ማስተርስ ተመዘገበች።
«ምን ያደርግልሻል?» ስንላት
«ገና ያልገባኝ ወረቀት አለ» አለች።

ዛሬም ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፤ ዋርዱ ያው፣ ሽታው ያው፤
ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ ከንፈሩ የደረቀ ሰው፤
አዲሷ ጽዳት፣ እናኑ፣ ኩባያ ይዛ ቆማ
«ውሃ ነው የለመነኝ» አለች በድንግዝግዝ ጨለማ።

እጇን ያዝኩ። አልተቆጣሁም። ፋሻ በውሃ ነከርኩ፣
ጨመቅኩት፤ ከንፈሩን ብቻ፣ ቀስ ብዬ አረጠብኩ።
«እንዲህ» አልኳት።
አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ፣
ለአንዲት ጠብታ።

ሰውየው ዐይኑን ሳይገልጥ «ሲስተር» አለ፤
ሁለታችንም ዞርን።