ሰባተኛው መስመር

ሃረጎን ስወጣ መስኮቴን ከፍቼ፣
ብርዱን እንደ ውሃ ስጎነጭ አምሽቼ፣
ማክሰኞ ተነሳሁ ግማሽ ፊት አጥቼ።
ሻዩ በከንፈሬ ዳር ዳሩን ፈሰሰ፤
ዓይኔ አልከደን ብሎ ጉንጬን በእንባ አራሰ።
ሃዋ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ቀባችኝ፤
ባይሻለኝ ጊዜ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሲስተር ሉባባ መጣች፣ ሳሙና አስሸተተች፤
ጣቷን በዓይኔ ተከተልኩ፤ ጉንጬን በጥጥ ነካች።
«አሥራ ሁለት ነርቮች ከአንጎል ይነሳሉ፣
ሽታና ብርሃን፣ ድምፅና ጣዕም ይጭናሉ።
ሰባተኛው ቀርቷል።»
«የት ቀረ?»
«ከጆሮህ ኋላ፣ አጥንት መሃል፣ በጠባብ መንገድ፣
አብጦ ታንቆ፣ አልቻለም መሄድ።»

ገባኝ።
ስንቴ አይቻለሁ፣ ሃረጎ ላይ አንድ ሲኖትራክ ሲገለበጥ፣
ኮምቦልቻ ከታች፣ ደሴ ከላይ ቆሞ ሲያፈጥ!
«ሳቅ» ይላል አንጎሌ፤ ትእዛዙ ይነሳል፣
መታጠፊያው ጋ ሞተር አጥፍቶ ይቆማል።

ማታ ሃዋ ያንን ዓይኔን በጣቷ ትዘጋለች፣
እንደ ሱቅ መዝጊያ፣ በፕላስተር ታሽጋለች።

ትናንት በጉሙ መሃል፣ ረዳቴ ከድር
ሰው መስሎት በግ ሂሳብ ቢጠይቅ፣ በግራው ከንፈር
ጫፍ ላይ አንድ ነገር ፈራ ተባ አለ።
አንድ መኪና ብቻ አሳለፉ መሰለ።