ሃምሳ ብር

የዚያድ ጫማ አፉን ሲከፍት፣ ጣቱ አሸዋ ሲቅም፣
መዋጮ ነው ያልነው፤ ብድር አላልንም።
ሃምሳ ሃምሳ ብር፣ አሥር ልጆች ሆነን፣
ከታይዋን ገበያ ልባሽ ታኬታ ገዛን፤
እኔ በረኛው በፊዚክስ ደብተሬ ስም ዝርዝር ያዝኩ፣
ማን እንደ ሰጠ እንጂ፣ ማን እንደሚከፍል አልጻፍኩ።

በዚያ ጫማ ዋንጫ መጣ፤ ዲኑ ከዋንጫው ጋር ፎቶ ተነሣ፣
ለኛ ለሁለት አንድ ሚሪንዳ፣ ጠርሙሱን መመለስ እንዳንረሳ።
«ተማሪ ለፍቅር ነው የሚጫወት» አለን፣ ላቡን በመሐረብ ጠርጎ፤
በር ላይ ዘበኛው ትኬት ይቆርጥ ነበር፣ ሳንቲሙን በቆርቆሮ አድርጎ።

ከዚያ የሐረሩ ሰውዬ መጣ፣ ደንገጎን ወርዶ በኮሌጁ መኪና፣
የወር አበል፣ የዶርም አልጋ፣ «ከክፍያ ነጻ ነህ» አለና፣
ወረቀት ዘረጋ። ዚያድ ፈረመ።
አቦ፣ ማን አይፈርም? ለቤት አከራዩ የሦስት ወር ውዝፍ ነበረበት፣
እኛም ያንን እያወቅን «ከሃዲ» አልነው፣ ከኋላ ጮኽንበት።

ሚያዝያ ላይ ተመልሶ መጣ፣ በሌላ መለያ፣ በሌላ ቁጥር፤
ሳቢያን ሜዳ፣ ጥላ ራሱ ጥላ በሚፈልግበት ቀትር፣
ለአሥራችንም ፖስታ አደለን፤ ከፈትነው፦ ሃምሳ ብር።
ሃምሳ ብር! ሳይጎድል፣ ሳይጨምር።
ስድብ ቢሆን በመለስኩት፤ ምስጋና ቢሆን በተቀበልኩ፤
ሒሳብ ሆነብኝ። ከደብተሩ ላይ የትኛውን መስመር እንደምሰርዝ አላወቅኩ።

ሰማንያኛው ደቂቃ፣ ፍጹም ቅጣት። እሱና እኔ።
ደቻቱ ሲደርቅ ስንት ማታ፣ በሁለት ድንጋይ መሐል፣ መትቷል ወደኔ!
ወደ ቀኝ እንደሚመታ አውቃለሁ፤ ማወቄን ያውቃል፤
ማወቁን አውቃለሁ፤ ዳኛው ፊሽካውን ነክሶ ይጠብቃል።

መታ። ያዝኩ። አንገቱን ደፍቶ አልፎኝ ሊሄድ ሲል ዞረና፣
«ዋሪያ፣ ጓንትህ ተቀዷል» አለኝ፣ እንደ ድሮው ሣቀና።

ሲያልቅ የሐረሩ ሰውዬ መጣ። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤
«ለአንተስ ስንት ይበቃሃል?» አለ፤ ጥያቄው ጨነቀኝ።
ነገርኩት። የመጨረሻዋን ቁጥር ግን ሆን ብዬ አሳሳትኩ።
ማታ፣ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ፣
ይደወል እንደሆነ ጠበቅኩ።