ባለጉዳይ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ቤርሼባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
አገጫችንን በመዳፍ ይዘናል እንዳይወድቅ።
ከሥራ በባቡር መጥተን፣ ምሳ ዕቃ እንደያዝን፣
ሁለተኛ ዲግሪን በማታ፣ በብድር የጀመርን።

ዶክተር ኖጋ ሰሌዳውን ለአራት ቤት ከፈለች፤
«ፕሮጀክት በኮድ አይወድቅም፣ በሰው ነው» አለች።
ሽቅብ የሚወጣው ሥልጣን፣ አግድም ያለው ፍላጎት፣
በየቤቱ የሚሰፍር የየራሱ የሰው ዓይነት።
ብዙ ሥልጣን ብዙ ፍላጎት፦ በቅርብ ያዙት፤
ብዙ ሥልጣን ጥቂት ፍላጎት፦ አታስቀይሙት፤
ጥቂት ሥልጣን ብዙ ፍላጎት፦ ወሬ አትንፈጉት።
የአራተኛው ቤት ሰው፣ ሁለቱም የሌለው፣
እሱን፣ አለች፣ ከሩቅ እዩት።

ከዚያ በዕብራይስጥ ጻፈች፦ «ባዓሌ ዒንያን»።
የኔ ጆሮ ግን የሰማው ሌላውን።
«ባለ» ያው የኛው «ባለ» ነው፤ «ዒንያን» ደግሞ ጉዳይ፤
ባለጉዳይ! ባለጉዳይማ ያ አይደለም ወይ
ፋይሉን በብብቱ ይዞ ኮሪደር ላይ የሚቆም፣
«ነገ ና» ሲሉት ነገ የሚመጣ፣ ከነገ ወዲያም?
በቢሮ አማርኛ «ባለድርሻ አካል» ይባላል፤
እኔ የማውቀው ሰው ግን ወረፋ እንጂ
ድርሻ መች ደርሶት ያውቃል?

የቡድናችን ሥራ የክሊኒክ የቀጠሮ ማሽን ነበር፤
መታወቂያ ይጠይቃል፣ ዘጠኝ ቁጥር፣
ከዚያ ወረቀት ይተፋል፣ ከዚያ ተራ ይጠራል፤
በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛ፣ በሩሲያኛ ይናገራል።
ኪርያት ጋት፣ አጎቴ በሪሁን ይኸው ማሽን ፊት ይቆማል፤
ወረቀቱን አጥፎ ከኮቱ ኪስ ይከታል፣
ይቀመጣል። ይጠራል። አይሰማም። ሌላ ይገባል።
ሌላ። ደግሞ ሌላ።
ጽዳቷ ወለሉን መጥረግ ስትጀምር ይነሣል፤
ሰላም ብሏት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ፎርሙን የምሞላ እኔ ነኝ፤
ሠንጠረዡን ወደ ታች ስስብ ያ ቁጥር ዓይኔን ያዘኝ።
ከጎኑ፦ «አልመጣም»። ስድስት ጊዜ፣ «አልመጣም»።
ማሽኑ የሰው ፍላጎት እንዲህ ነው የሚለካው፦ ዜሮ!
አጎቴ አራተኛው ቤት ገባ፣ ተደምሮ ተቆጥሮ።

ዓርብ ጧት ሄድኩ።
«ምንድን ነው የምትማሪው?» አለኝ። እንዴት ብዬ ልንገረው?
«የሚከፍለው አንድ ነገር ይፈልጋል፣ የሚሠራው ሌላ ነው፣
የሚገለገልበት ሌላ፤ እኔ መካከል ገብቼ
አስማማለሁ» አልኩት፣ ቃል ከቃል ገጥሜ፣ ለፍቼ።
«ሽምግልና ነዋ!» ሳቀ። «በደመወዝ?»
«በደመወዝ።»
«እኛ እኮ በነጻ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስንነዛነዝ!»

ከኪሱ ስድስት ቁራጭ ወረቀት አወጣ፤ ቀለሙ ለቋል፤
«አልጠሩኝም እንጂ፣ ተራዬ እዚህ አለ» ይላል።
ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ከምርቃቱ ቀጥሎ፣
‹ተበዳዩ ማነው?› አይልም በችኮላ፣ ቶሎ።
‹ማን ቀረ?› ይላል። የቀረ ካለ ነገሩ አይነሣም፤
ሰው በሌለበት የታሰረ እርቅ ሳምንት አያድርም።»

የማክሰኞ ገለጻዬን በሌላ ገጽ ጀመርኩ፤
አራቱን ቤት ሳላሳይ «ማን ቀረ?» ብዬ ጠየቅኩ።
የቡድኔ ሰው ኤቪያታር ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አየ፤
«ድምፅ ለመጨመር ሁለት ወር ነው» አለ፣ «በጀቱን ማን አየ?»
እውነቱን ነው። እሱም ባለጉዳይ ነው፤ ሕፃን ልጅ አለው፣
የማይተኛ፣ እሱንም የማያስተኛው።
ውጤቴ ሰማንያ አራት። ኅዳጉ ላይ በቀይ፦
«ስጋቱ በደንብ ተገልጿል። ይጠር።»

ማሽኑ ዛሬም ሦስት ቋንቋ ነው። ሰባተኛው ቀጠሮ ግን
አልፏል፣ «አልመጣም» ሳይባል። እንዴት? አልኩት አጎቴን።
«ያቺ ጽዳቷ፣ ዚናይዳ፤ ቁጥሬን አይታ ያዘችው፣
ስጠራ በመጥረጊያዋ እጀታ ጉልበቴን ነካ አረገችው።»

ሌሊት ሥዕሌን ዘረጋሁ፤ አራቱን ቤት አንድ ባንድ አየሁ።
ዚናይዳ የለችም።
‹ማን ቀረ?› እያልኩ እኔም ረስቻታለሁ።