የመስመር ስኒ

ከዶሮ ማነቂያ በታች የድሮው ምሰሶ ሲነቀል፣
አባቴ ቆሞ ነበር፣ ማንም ሳይጠራው፣ ሊሰናበት ያህል።
ሽቦው ተጠቀለለ፤ እንጨቱም ባይሱዙ ተጭኖ ሄደ፤
ካቧራው መካከል አንዲት ነጭ ነገር ጎንበስ ብሎ ወሰደ።
በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዳገቱን በእግሩ መጥቶ እስካምስት ኪሎ፣
«ምንትዋብን ጥሩልኝ» አለ ከላቦራቶሪው በር፣ ቆቡን አንጠልጥሎ።

ስኒ ነው የሚሏት የመስመር ሠራተኞች፤
ቡና ቀምሳ አታውቅም።
ዝናብ ነው ያጠባት፣ አርባ ክረምት ሙሉ፣
ተደፍታ እንደቆመች ቀና ብላ አታውቅም።

«መብረቅ ያልሰበራት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቮልቱን የቻለች፣
ከእጄ አምልጣ ዛሬ፣ ከጉልበቴ ቁመት ወድቃ ተሰበረች።
የብረት እግሯ ግን፣ ያው አብሯት ወድቆ፣
ጎበጠ እንጂ ዳነ። እንዲህ የሚያደርገው ምን ይሆን ተደብቆ?»

ስባሪውን ይዤ ወደ መስኮት ዞርኩ፤
ለተማሪ እንጂ ላባት አስረድቼ አላውቅም፤ ከሽቦው ጀመርኩ።
«አንተ በዘረጋኸው የመዳብ ሽቦ ውስጥ፣
ኤሌክትሮን የጋራ ነው፤ አንዱን አቶም ትቶ ሌላው ጋ የሚሮጥ።
ለዚህ ነው መብራቱ የሚሄድ። ለዚህም ነው ብረት
ስትመታው የሚታጠፍ፤ ረድፍ ከረድፍ ላይ ቢንሸራተት
ጎረቤት አይቀየምም፤ ያው ነው የትም ቢቆም።
በዚህች ስኒ ውስጥ ግን እንደዚያ አይደለም።

አሉሚኒየም ሰጪ ነው፤ ሦስቱን አውልቆ ለኦክስጅን ይሰጣል፤
ኦክስጅን ሁለት ሁለት ይወስድና በሩን ይዘጋል።
ሲሊከን ይካፈላል፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣
ካራት ኦክስጅን መሐል ይቀመጣል፣ አራቱን ማዕዘን ይዞ።
ሥራ ፈት ኤሌክትሮን የለም፤ ሁሉም ባለቤት አለው፣ ሁሉም ታስሯል፤
እሳቱ ወደ ምሰሶው ወርዶ አንተን ሳይበላ፣ ስንት ዓመት አልፏል።»

እጁን አየ። መዳፉ ላይ የድሮ ገመድ ጠባሳ አለ።
«እንዲህ ከተያያዙ» አለኝ፣ «ታዲያ ለምን ተለያዩ?»

ይኼን የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

«ሰጪ ከተቀባይ ፊት፣ ተቀባይ ከሰጪ ፊት፣ ሰልፉ እንዲያ ተሠርቶ፣
አንዱ ረድፍ አንድ እርምጃ፣ አንዲት ያቶም እርምጃ፣ ሸርተት ቢል ተገፍቶ፣
ሰጪ ከሰጪ ይፋጠጣል፤ ሲሳሳብ የኖረው ይገፋፋል ያኔ።
ስለዚህ መንሸራተት አያውቅም። ይሰነጠቃል እንጂ።
ለዚያ ደግሞ አንዲት ጭረት ትበቃለች፣ ከዓይን የቀጠነች፣
ምናልባት እቶን ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ቀን፣ አብራት የተወለደች።
የውድቀቱ ኃይል ሁሉ እዚያች ጫፍ ላይ ይሰበሰብና...»

«በምን ይጣበቃል?» አለ።

ለካ የመጣው ለዚህ ነው።

ኮላ አለ፣ አልኩት፤ ግን እንደነበረች አትሆንም።
በተሰነጠቀች ቅጽበት ባዶ የቀሩትን እጆች
ያየሩ እርጥበት መጥቶ ይዟቸዋል፤
ስባሪን ከስባሪ ብታገጥም፣ መስመሩ ልክ ቢመጣም፣
አይተዋወቁም።

ግማሿን ኪሱ ከተተ። ግማሿን ጠረጴዛዬ ላይ
በአፏ ደፋት፣ ምሰሶ ላይ እንዳለች አድርጎ።

ያኔ መብራት ጠፋ። ማይክሮስኮፑ ጨለመ።
አባቴ በመስኮቱ ማዶውን ቃኘ፣ ሱቆቹን፣ የፋርማሲውን ታፔላ፣
«አንድ ፌዝ ነው» አለ፣
ቆቡን አድርጎ ወረደ።