የድሬሰሩ ጥፍር

አዘዞ ጤና ጣቢያ፣ ከቁስል ማጠቢያው፣
ጥቁር ጠርሙስ ነበር፣ ፀሐይ የማያየው፤
ውስጡ ደቃቅ ጠጠር፣ ኑግ የመሰለ፣
ዞር ሲያደርጉት ግን ብረት ብረት ያለ።

አባቴ በማንኪያ ጫፍ ቆንጠር ያደርግና
ሳፋው ላይ ይለቀዋል፣ «እዪ!» ይለኝና፤
ጠጠሩ ሲዘቅጥ ጭራ ያበቅላል፣
ወይን ጠጅ ጭራ፣ ይረዝማል፣ ይሰፋል፣
ሙሉ ሳፋ ውሃ በአንዲት ፍሬ ይቀላል።
«ከጠቆረ እሳት ነው፣ ደህናውን ሥጋ ይበላል፤
ጽጌረዳ ሲመስል፣ ፈዘዝ ሲል ይበቃል።»

የቆላድባዋ ውባንቺ፣ እግሯ እንደ ጎታ አብጦ፣
ሚኒባሱ ሳይጭናት፣ ሰው አፍንጫ ይዞ ሮጦ፣
በጋሪ ነው የመጣች።
አባቴ ተንበርክኮ ጣት ከጣት ለየላት፣
ውሃው አተላ ሲመስል ደፍቶ ቀየረላት።
«ድሬሰር ቢያድግልኝ፣ ኧረ ይተው፣ ይሸታል!»
«የሚሸት ባይኖርማ እኔን ማን ይቀጥራል?»

አተት የገባ ክረምት ጠርሙሱ ዞረ በሰፈር፤
ለሰላጣው ጠብታ፣ ለጉድጓዱ ቁንጥር፤
ሚዛኑ ዓይኑ ነበር።

ጎንደር አሥራ አንድ ስገባ ስሙን አወቅሁለት፤
ፖታሲየም፣ ያውም ፐርማንጋኔት።
«ኦክስጅኑን ላገኘው ይሰጣል» አሉን መምህር ጀምበሩ፤
«ሰጥቶ ሰጥቶ ሲያበቃ ይጠፋል ሐምራዊ ክብሩ፣
ቡናማ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል ከሥሩ።»
እኔ ደብተሬ ላይ ቀመሩን ስጽፍ
የታየኝ ጥፍር ነው፤ የአባቴ፣ ከነጣት ጫፍ።

ቡናማ ነው ጥፍሩ፣ ሳሙና የማይፈታው፤
«ትምባሆ ነው» ይላል የአራዳ ሐሜታው።
የሠርጌ ዋዜማ እናቴ ሎሚ ከፍላ
ፈተገችው ሲመሽ፣ «ነውር ነው ለአማቾች» ብላ።
ለቀቀ።
ያም ኬሚስትሪ ነው፤ አሲዱ ይፈታዋል፤
ጥፍሩ የሕፃን መስሎ ንጣቱ ያስገርማል።

ጠዋት ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ ከእግሩ፤
ፊቴን ሲዳብሰኝ ግን ደነገጥኩ ከጥፍሩ።
የሌላ ሰው እጅ ነው።
አለቀስኩ። ሰዉ ሁሉ የሙሽራ ለቅሶ መሰለው።

ሰኞ፣ መልሱ ሳይደርስ፣ አዘዞ ሄድኩና
በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ ተንበርክኳል እንደገና።
እጁን ከሳፋው ሲያወጣ ውሃው በክርኑ ወረደ፤
ጥፍሩ ከጠርዝ ከጠርዙ መልኩን መልሶ ወሰደ።