ዘጠኝ ዜሮ በጠመኔ

ይቺን ጣት እያት፤ የግራ እጄን፣ የቀለበት፤
እንደ ደረቀ የሮካ ቅርፊት የተጠማዘዘች ናት።
ሐኪሙ «ማን አጣመማት?» ብሎ ሲጠይቀኝ አምና
«ሙሜ አብዶሽ» አልኩት። ዝም አለ፤ አላወቀውምና።
ከየት ያውቀዋል? ያኔ እናቱም ልጅ ነበረች፤
ድሬም ብትሆን ቤዝቦል የሚሉትን ነገር ረስታለች።

ሰባ አንድ ዓመተ ምህረት፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ ደርቆ ደቻቱ፣
ቆርቆሮን የሚያልበው ነው ያኔ ሙቀቱ፤
ኩባዎቹ ከጦር ሰፈር በካሚዮን መጡ፤
አሸዋውን ደልድለው አራት ጆንያ አስቀመጡ፤
«ይኼኛው ቤት ነው፤ ከዚህ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እዚሁ መግባት ነው» አሉን።
እኛን የባቡር ልጆች! ወጥቶ መመለስን ሊያስተምሩን!

ሙሜን ያገኘው ኤልፒዲዮ ነው፣ መካኒኩ፣ ከሮካው ዛፍ ስር፤
እህቱ ሻሿን ዘርግታ፣ እሱ ሲወረውር ጠጠር።
ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ፣ አንድ በአንድ ያወርዳል፤
ቅጠሉ እንዳለ ቀርቶ ፍሬው ብቻ ይወድቃል።
ሰውየው ካሚዮኑን አቆመ፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋ፤
ኳስ ከኪሱ አወጣ፣ ሰጠው፤ የሚናገረው ቋንቋ ጠፋ።

የፍጻሜው ለት፣ እሑድ፣ ባቡር ከኩባ ሰፈር፤
ዋንጫው የወርክሾፕ ናስ ነው፣ ባለ አንድ ጆሮ ነበር።
ከመጋላ፣ ከለገሃሬ፣ ከገንደ ቆሬ ሰው ጎረፈ፤
ቦታ ያጣው ድልድዩ ላይ ተሰለፈ።
«ወሪያ! ምን ዓይነት ጨዋታ ነው፣ ኳሱን ማንም የማይነካ?»
«ዝም በል አቦ፤ አለመነካቱ ነው ጨዋታው ለካ!»

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰዎች በአሥራ አንድ ውርወራ ሸኘ።
ሌሎች ሦስት። ደግሞ ሦስት።
እጄ ላይ የሚያርፈው ድምፅ ጥይት አይመስልም፤
ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያዝ፣ እሱን ነው፣ ሌላ አይደለም።
ሮዳስ የቴሌግራፏ፣ በቆመ ፉርጎ ጎን ላይ፣ በጠመኔ
ዜሮ ስላ ትስቃለች፣ ዞር ብላ ወደ እኔ።
(የኛ አንዷ ነጥብ በአራተኛው ዙር፣ በነሱ ስህተት ነው የመጣች።)

በስድስተኛው ጫት የያዘ ጉንጭ ማላመጡን ተወው፤
አንድ አህያ ብቻ ጮኸ፤ ባለቤቱ አፉን ያዘው።

በሰባተኛው ጣቴ ተሰበረ።
ደብቄ ነበር። አወቀ።
ከቆመበት መጣ፣ ጓንቴን አወለቀ፤
ከባቡር ምልክት ሰጪው ቀይ ባንዲራ ቀዶ አሰረኝ።
«ላቀዝቅዘው?» አለ።
«አድርገህ ተገኝ! ዋንጫውን አናትህ ላይ ነው የምሰብረው» አልኩኝ።
ሳቀ። ስምንተኛውን ዙር እንደ እብድ ወረወረ፤
አለቀስኩ፤ ለሰው ላብ መስሎ ነበረ።

ሃያ ስድስት ሰው ከቤቱ ሳይርቅ ተመልሷል፤
ሃያ ሰባተኛው፣ ኤልፒዲዮ ራሱ፣ ዱላውን ይዞ ቆሟል።
አንድ፦ ሳተ። ሁለት፦ ሳተ፤ ዱላው አየሩን ቀደደ።
«ፈጣኑን» አልኩት በምልክት፤ በአገጩ አልፈቀደ።
ከዚያ

    ሮካ ለእህቱ እንደሚያቀብል
    ቀስ አድርጎ ጣላት።

የኤልፒዲዮ ዱላ ዞሮ ጨርሷል፤
ኳሷ ገና መንገድ ላይ ናት።
መጣች፣ መጣች፣ መጣች፣
በተሰበረው እጄ ላይ ሳታሳምመኝ ተቀመጠች።

ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ኤልፒዲዮ ባርኔጣውን አሸዋ ላይ ጣለ፤
«እንዴት ያለ ተንኮል ነው!» ያላለ ማን አለ?
እኔ ጣቴን አየሁ።
ዝም አልኩ።

ዜሮዎቹን የነሐሴ ዝናብ አጠባቸው።
ኩባዎቹ ሄዱ። ፉርጎው ለብረት ተሸጠ።
ሮዳስ ሌላ አገባች፣ ናዝሬት።
ሙሜ አይሻ ጣቢያ ፍሬን ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ወጣ።
አንዴ ጠየቅኩት፦ «የመጨረሻዋን ለምን አቀዘቀዝካት?»
«ነፋስ ነበር» አለኝ። «ነፋስ ነው የያዛት።»

ነፋስ አልነበረም።
የግሪኩ ዳቦ ቤት ጭስ ያን ቀን
እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ነበር የቆመው።